አሥራ አራት ፎቶዎች

ማተሚያው እያቃሰተ ወረቀቱን ተፋው። ዘጠኝ ስም፣ ዘጠኝ የራስ መብራት ቁጥር፣ ዘጠኝ ባዶ ሳጥን።

«ፊታቸውስ?» ምክትል ኃላፊው ኒዩ ወረቀቱን ከማተሚያው አፍ ነጠቀው። «ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት የወረዳው አጣሪ ቡድን ይመጣል። የሟቾቹን ዝርዝር ከነፎቷቸው አቅርቡ ተብለናል። ይሄን ምን ብዬ ነው የማቀርበው? ሰዎቹ ፊት አልነበራቸውም ልበል?»

የጂንሹ እናት ፋን ከልጇ ወንበር ኋላ ቆማ እጆቿን ታፋትጋለች። «እኔ ስም ከማስገባት በቀር አላውቅም፣ ጌታዬ። የሠራችው ልጄ ናት። ለዚህ ነው ያስጠራኋት።»

ጂንሹ የትምህርት ቤት ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የከሰል ማዕድኑ ሦስተኛ ዋሻ በጋዝ ፍንዳታ ከተናወጠ ሦስተኛ ቀኑ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ዳታቤዙን ከሌላ ኮምፒውተር ነው ያመጡት?» ስትል ጠየቀች።

«አዎ፣ መብራት ክፍል ካለው አሮጌ ኮምፒውተር። በፍላሽ ገልብጬ አመጣሁትና እዚህ አንዳንድ ነገር አስተካከልንበት።» ኒዩ «አስተካከልንበት» ሲል እናቷን በዓይኑ ገረፍ አደረጋት።

«ፎቶዎቹ እዚያው ቀርተዋላ! እዚህ ውስጥ ያለው የፎቶዎቹ አድራሻ ብቻ ነው። ሪፖርቱ በአድራሻው ሄዶ ሲፈልግ ባዶ ቤት ነው ያገኘው።»

«አድራሻ ምናምን እያልሽ አታደናብሪኝ። ፊታቸው እንዲወጣ ምን ይደረግ?»

«ፎልደሩን ማምጣት ነው።»

«እንግዲያው ከእናትሽ ጋር ሂጂና አምጪው። ደግሞ እዚያ እንዳትገተሩ!»

ዳታቤዙን የሠራችው ባለፈው የሐምሌ እረፍት ነበር። እናቷ የመብራት ክፍል ሠራተኛ ናት። ወደ ዋሻው የሚወርድ እያንዳንዱ ቆፋሪ በራሱ ቁጥር የተመዘገበ የራስ መብራት ከእሷ ይቀበላል፣ ሲወጣ ይመልሳል። መዝገቡ ከመገለባበጥ ብዛት ጠርዙ ተበልቶ፣ በከሰል እጅ ጠቁሮ፣ የማን ስም የቱ እንደሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ ተበላሽቶ ነበር። ጂንሹ ቆፋሪዎቹን ኖራ በተቀባው ግድግዳ ፊት እያቆመች ፎቶ አነሳቻቸው። መጀመሪያ ላይ ፎቶዎቹን ሁሉ ዳታቤዙ ውስጥ ጠቀጠቀቻቸው። መቶ ሰው ሳይሞላ ፋይሉ እንደ ተዘፈዘፈ አኩሪ አተር አበጠ፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይቻል ነበር። የኮምፒውተር መምህሯ ናቸው መላውን የነገሯት። «ፎቶው በፎልደር ይቀመጥ። አንቺ ሰንጠረዡ ላይ ያለበትን ቦታ ብቻ ጻፊ። ሪፖርቱ ራሱ ሄዶ ያመጣዋል» አሏት። እንዳሉት አደረገች። የእያንዳንዱን ሰው ፎቶ በመብራት ቁጥሩ ሰየመችው። እናቷ በዚያ ሰሞን ላገኘችው ሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ እኮ!» እያለች አሰልችታ ነበር።

መብራት ክፍሉ ከግቢው ማዶ ነው። በረዶው በከሰል ብናኝ ጠቁሮ ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል። መብራቶቹ በየመደርደሪያው በቁጥራቸው ተሰቅለዋል። ከመሃላቸው አንዳንዶቹ አዳዲስ ናቸው፤ የመጡበት ፕላስቲክ ገና አልተቀደደም። እናቷ ወደ መደርደሪያው ሳትዞር በሩ ላይ ቆማ ውጭውን ታያለች።

ጂንሹ አሮጌውን ኮምፒውተር ከፈተች። ዳታቤዙ ከቦታው የለም፤ ኒዩ ገልብጦ ሲያበቃ አጥፍቶታል። የፎቶዎቹ ፎልደር ግን አለ። ማንም ልብ አላለውም። ፍላሹን ሰክታ መገልበጥ ስትጀምር ስክሪኑ ቁጥሩን ነገራት፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፎቶ።

እጇ ማውዙ ላይ ቀረ። ቢሮ ውስጥ የሰንጠረዡን ግርጌ አይታለች። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ይላል።

ሥራ የለቀቁ ይሆናሉ ብላ አሰበች። ግን የለቀቀ ሰው አይሰረዝም። ስሙ ፊት ለፊት «ለቋል» ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ። ያንን ዓምድ የሠራችው ራሷ ናት። ፎቶዎቹን በትንንሹ ደርድራ ወደ ታች ተመለከተች። 161፣ 162፣ 163። መቶ ስልሳ ሦስት ላይ የሎንግ ደሹን ፊት ነበር፤ ሳቁን ለማፈን ጉንጩን ወጥሮ።

የዚያን ቀን የደሹን እህት ቻዎሜይም አብራ መጥታ ነበር። ቻዎሜይ ከጂንሹ ጋር አንድ ወንበር የምትጋራ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ሁለቱ ከጉዊጆ ክፍለ አገር፣ ከደቡቡ ተራራ የመጡ ናቸው፤ እናትም አባትም የላቸውም። ደሹን ፎቶ ለመነሳት ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ መጣ። «አንተ፣ ይሄ ለመብራት ነው ወይስ ለሚዜነት?» ብላ እህቱ ስትቀልድበት፣ «ዝም በይ አንቺ፣ ማን ያውቃል፣ አንዷ አይታኝ ትወደኝ ይሆናል» አላት። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ።

«እማዬ፣» አለች ጂንሹ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደሹን የት ነው?»

«ሥራ ለቆ ሄዷል።»

«መቼ?»

«ከፍንዳታው በፊት። ጨረስሽ?»

«ታዲያ ለምን ለቋል ተብሎ አልተጻፈበትም?»

እናቷ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ልጄ፣ በናትሽ፣ ያዘዘሽን ሠርተሽ እንሂድ።»

ቢሮ ተመልሰው ጂንሹ ፎልደሩን ልክ እንደ አሮጌው ኮምፒውተር ስሙንም ቦታውንም ጠብቃ አስቀመጠችው። ሰንጠረዡን ስትከፍተው ከ162 ቀጥሎ ያለው 164 ነው። ሪፖርቱን አዘዘች። ማተሚያው ዘጠኙን ሰዎች አንድ በአንድ አወጣቸው። አፍንጫው የተጣመመ ሽማግሌ፣ ጆሮው ሰፊ ጎልማሳ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ። ኒዩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየውና ፈገግ አለ።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» ከጠረጴዛው ሥር በከረጢት መንደሪን አውጥቶ ሰጣት። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ «ለመሆኑ» አላት፣ «ከዚህ ላይ ስም ሲሰረዝ ፎቶውም አብሮ ይጠፋል፣ አይደል?»

የእናቷ ትንፋሽ ከጀርባዋ ቀጥ ሲል ተሰማት።

«ይጠፋል» አለች ጂንሹ።

ለምን እንደዋሸች ራሷም አላወቀችውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ ጎመን ልትገዛ ወደ ገበያው ታጠፈች። ጂንሹ ብቻዋን በሕዝብ ቧንቧው በኩል አለፈች። ቻዎሜይ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣበታለች። ቧንቧው በረዶ ሠርቶ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል።

«መንደሪን! ማነው የሰጠሽ? ሀብታም ሆነሻል አይደል፣ አንቺ!» ቻዎሜይ ሳትጠይቅ አንዱን አንስታ ላጠች። ዓይኖቿ አብጠዋል። «ሰማሽ? ወንድም ጋሼ ጥሎኝ ሄዷል።»

ጂንሹ ከረጢቱን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ኒዩ የሚሉት ሰውዬ ነው የነገረኝ። ከፍንዳታው ሁለት ቀን በፊት ሥራ ለቆ ወደ ጓንግዶንግ ሄዷል አለኝ። ከሌሎች ጋር ሆኖ። እኔ ደግሞ እንደ ፋራ፣ ያን ሳምንት አዳሩ ሥራ ቦታ ስለነበር፣ አለ ብዬ... ስልኩ ዝግ ነው። ካልሲውን እንኳ አጥቤ ምድጃ ላይ ሰቅዬለት ነበር እኮ!» የመንደሪኑን ልጣጭ በረዶው ላይ ወረወረችው። «ሲያሳድገኝ ሰልችቶት ይሆናል። ይሁን። ግን ሰው ‹ሄድኩ› አይልም? አንዲት ቃል? ሞቶ ቢሆን እኮ ይሻለኝ ነበር።»

«እንደሱ አትበይ!» ጂንሹ ሳታስበው ጮኸች።

«ለምን አልልም? ነገ ከሰዓት አውቶቡስ አለ። ሄጄ እፈልገዋለሁ። ሳገኘው በጥፊ ነው የምለው።»

«ጓንግዶንግ እኮ አገር ያህላል፣ ቻዎሜይ። የት ብለሽ ትፈልጊዋለሽ?»

«አላውቅም።» ቻዎሜይ የመንደሪኑን ፍሬ እጇ ላይ እንደያዘች ረሳችው። «እዚህ ተቀምጬ ግን አላብድም።»

ጂንሹ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ላይ የደረሰው ግን «ባልዲሽ ሞልቷል» የሚል ብቻ ነበር። ባልዲው ደግሞ እንደተገለበጠ ነው። ቻዎሜይ ግራ ገብቷት አየቻት። ጂንሹ ከረጢቱን ጭኗ ላይ ጥላላት ሄደች።

ቤት ውስጥ አባቷ ምድጃው አጠገብ ካለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመት ዋሻ ወርዷል። አሁን ሳንባው በድንጋይ ብናኝ ተሞልቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። መድኃኒቱንና የሚተነፍስበትን ኦክስጅን የሚሰጠው የማዕድኑ ክሊኒክ ነው።

እናቷ ሊጡን በቢላ እየሸረፈች ወደ ፈላው ውኃ ትጥላለች። አባቷ ቀና ብሎ ተመለከታት።

«ፋን፣» አለ፣ «ስንት መብራት ነው... ያልተመለሰው?»

ቢላው ቆመ።

«ዘጠኝ ሞተ ይላሉ። እኔ የጠየቅሁሽ... መብራቱን ነው።»

«ብላና ተኛ!»

«ሃያ ሦስት ነው» አለች ጂንሹ። «ዘጠኙና ከሰንጠረዡ የጠፉት አሥራ አራት።»

እናቷ ሊጡን ጣለችውና ፊቷን በዱቄታም እጇ ሸፈነች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም። «ኒዩ ስማቸውን በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ። አሥራ አራት ሰው። ሁሉም የሩቅ አገር ሰዎች፣ ጠያቂ የላቸውም አለ። ከአሥር በላይ ከሞተ ማዕድኑ ይዘጋል፣ የሁላችንም እንጀራ ይቆረጣል አለ። ከዚያ ደግሞ ‹ባልሽ እንዴት ነው፣ ኦክስጅኑ አልተቋረጠበትም?› ብሎ ጠየቀኝ። እንዲያው ለደህንነቱ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በፈገግታ። ምን ላድርግ? ሰረዝኳቸው። በእነዚህ ጣቶቼ፣ አንድ በአንድ።»

«ሬሳቸውስ?» አለ አባቷ።

«ወጥቶ አላለቀም። ትናንት የዋሻውን መግቢያ በሲሚንቶ አሽገውታል።»

አባቷ ዓይኑን ጨፈነ። ሳሉ መጥቶ አልጋውን አንቀጠቀጠው። ሲያልፍለት፣ «ስሙ ያልተጻፈ ሰው...» አለ፣ አረፈ፣ «ማንም አይቆፍርለትም።»

አድርጊ ወይም አታድርጊ አላለም።

ጂንሹ የምታውቀውን ተናገረች። ፎቶዎቹ አልጠፉም። ኒዩ ጠፍተዋል ብሎ የሚያስበው እሷ ስለዋሸችው ነው። እናቷ እጇን ከፊቷ ላይ አነሳች። «አጥፊያቸው» አለች። «ነገ እንግዶቹ ሳይደርሱ አጥፊያቸው፣ ልጄ። እለምንሻለሁ። ለአባትሽ ብለሽ።»

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ኒዩ ምናልባት ሌላ ወረቀት መታተም ካስፈለገ ብሎ ሁለቱንም ቢሮ አስቀመጣቸውና ራሱ እንግዶቹን ለመቀበል አዲስ ኮት ለብሶ ወደ ዋናው በር ወረደ። ለሦስት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይቀራል።

ጂንሹ ፎልደሩን ከፈተች። በሰንጠረዡ ውስጥ ስም የሌላቸውን እየፈለገች መረጠቻቸው። አሥራ አራቱም ሰማያዊ ሆኑ። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው። ጣቷ ቁልፉ ላይ አረፈ። ቀላል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፎቶም የለም፣ ጥያቄም የለም። ቻዎሜይ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ትሳፈራለች። በማታውቀው ከተማ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው እየዞረች የሌለ ሰው ትጠይቃለች። ምናልባት አርጅታም፣ ልጅ ወልዳም፣ ወንድሜ ጥሎኝ ሄደ እያለች ትኖራለች።

ጣቷን አነሳች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «ጊዜ የለንም።»

ጂንሹ አዲስ ሰንጠረዥ ከፈተች። አሥራ አራት አድራሻ፣ አሥራ አራት ቁጥር። የምታውቀው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ 163 ላይ «ሎንግ ደሹን» ብላ ጻፈች። ሌሎቹን ባዶ ተወቻቸው። ሪፖርቱን ከአዲሱ ሰንጠረዥ ጋር አገናኝታ አዘዘች። ማተሚያው ማቃሰት ጀመረ።

እናቷ ልትነጥቀው ወረቀቱን ያዘች። ግን ገና ግማሹ ነበር የወጣው፤ ፊቶቹ በዝግታ ከማሽኑ እየወጡ ተመለከቷት። እጇ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። እስክሪብቶ አነሳች።

«ይሄ ማ ጉዋንሉ ነው» አለች። «የሄናን ሰው። መብራቱን ሲቀበለኝ ሁለቴ አብርቶ ሁለቴ ያጠፋል፤ አይቶ ካልሆነ አያምንም።» ጻፈችው። «ይሄ ሺ ዞንግቻይ። ሁለት ሳምንት ጥርሱን አሞት ነበር፣ ቅርንፉድ ሰጥቼዋለሁ። ይሄ የሚስቱን ስም እጁ ላይ የተነቀሰው... ፌንግ፤ ፌንግ ባኦኩይ።»

አንዱንም አልረሳችም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ በዚያች ትንሽ መስኮት በኩል እጅ ለእጅ ሲቀባበሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የመጨረሻውን ስትጽፍ ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ሌላም አትሚ» አለች። ሁለተኛውን ቅጂ አጥፋ ለጂንሹ ሰጠቻት። «ይሄን ይዘሽ በጓሮ በር ውጪ። ማን ሠራው ካሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ።»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ማውዝ እንኳ በቅጡ አትይዢም!»

«ዛሬ ተማርኩ እላለኋ።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም። «ለአባትሽ ምድጃው ላይ ከሰል ጨምሪለት። ሂጂ አሁን።»

ጂንሹ በጓሮ ወጥታ ራቅ ካለች በኋላ ወደ ቢሮው መስኮት ቀና አለች። እንግዶቹ ገብተዋል። መነጽር ያደረገ አጭር ሰው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። የኒዩ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቋል። እናቷ እጆቿን ጎኗ ላይ ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ ቆማለች። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አነበበና ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ፊቱ ላይ ቁጣ ይሁን መሰልቸት ከታች ሆኖ መለየት አይቻልም። ሲሚንቶው ይፈረስ እንደሆነ፣ ወይስ ያ ወረቀት ከዚያ ኪስ ሳይወጣ ይቀር እንደሆነ፣ ጂንሹ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ወደ ቤቷ ሮጣ ለአባቷ ከሰል ጨመረችለት። የኦክስጅኑን መጠን የሚያሳየውን መርፌ አየች፤ ለሁለት ቀን ይበቃል። አባቷ እጇን ያዝ አድርጎ ለቀቃት።

ቻዎሜይ ከሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተንበርክካ ሻንጣዋን በገመድ ታስራለች። ዚፑ ከተበላሸ ቆይቷል። የደሹንን ወፍራም ጃኬት ደርባ ለብሳዋለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል።

«ልትሸኚኝ ነው? ይህን ገመድ ያዥልኝማ፣ ጥብቅ አድርገሽ።»

ጂንሹ ገመዱን አልያዘችም። በሩን ከኋላዋ ዘጋችውና መሬቱ ላይ፣ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ቻዎሜይ፣» አለች፣ «ደሹን ጥሎሽ አልሄደም።»

የቻዎሜይ እጆች ቋጠሮው ላይ ቆሙ። ቀና ብላ የጓደኛዋን ፊት ተመለከተች።

ጂንሹ ወረቀቱን ከጃኬቷ ውስጥ ከማውጣቷ በፊት እጇን ዘርግታ፣ በረጅሙ እጅጌ ውስጥ የተደበቁትን ጣቶች ፈልጋ ያዘቻቸው።